ማሰሪያውን ለባለቤቱ

ያ ዓመት ለፍልስፍና ትምህርት ክፍል ክፉ ዓመት ነበር። መጀመሪያ ትልቁ የማስተማሪያ ክፍል ተወሰደ። ተማሪ ለበዛለት ለሌላ ትምህርት ተሰጠ። ከዚያ ሁለት መምህራን ለቀቁ፤ አንዱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ፣ አንዷ ባሏን ተከትላ። የኮሪደሩ ጣሪያ አፈሰሰ። ባልዲ ተደረገ። ባልዲው ሞላ። ሌላ ባልዲ ቢጠየቅ "በጀት የለም" ተባለ። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰው ከቢሮው እየወጣ ፀሐይ መሞቅ ሲጀምር ደግሞ ጋሼ ማሰሪያ ሰሌዳው ሥር ወደቁ።

ጋሼ ማሰሪያ የክፍሉ አንጋፋ መምህር ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚጠራው የለም። ይህ ስም የወጣላቸው በልማዳቸው ነው። ትምህርት ሲጀምሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ማሰሪያውን፣ ማለትም መዝጊያውን ግስ ግን አይጽፉትም። "እውነት አንዲት" ብለው ይተዋሉ። ናት ወይስ አይደለችም? ዞር ብለው በመነጽራቸው አናት ተማሪውን ያያሉ። ተማሪው ይሟገታል፣ ይጯጯኻል፣ ይኮራረፋል። ማሰሪያው የሚጻፈው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነው።

"በኛ ቋንቋ ሰው ምን ሊል እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው" ይሉ ነበር። "‘ወንድሜን’ ብሎ የጀመረ ሰው ‘እወደዋለሁ’ ይበል ‘ገደልኩት’ ይበል፣ ማሰሪያው እስኪመጣ አታውቅም። ስለዚህ አፍህን ያዝ።"

ያን ቀን የጻፉት "ውለታ ዕዳ" የሚል ነበር። ጽፈው ዞሩ። ተማሪዎቹን አዩ። ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ፤ ተከትለው እሳቸው።

ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ እጃቸውና ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። አእምሯቸው ደህና ነው፤ ሐኪሞቹም አረጋግጠዋል። ቃሉ ነው ከልብ ተነስቶ ከንፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀረው።

ሰሌዳውን ያጠፋ የለም። ተማሪዎቹ ጽሑፉን በጠመኔ አጥረው "አይነካም" ብለው ጻፉበት። የቀሩት መምህራን በተረፈው ጥግ እየተጣበቡ ያስተምሩ ጀመር። ውሎ ሲያድር ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ውለታ ዕዳ ነው የሚሉት "ነዎች"፣ አይደለም የሚሉት "አይደለሞች" ተባሉ። ሻይ ሲጠጡ እንኳ ለየብቻ ሆነ። ከነዎቹ አንዱ ከአይደለሞቹ አንዷን ወዶ "የኔ ነሽ?" ቢላት "አይደለሁም" አለችው እየተባለ ተሳቀ። ጋሼ ማሰሪያ ያኔ ሊሉ የነበረው ምን እንደሆነ ግን ያወቀ አልነበረም።

የክፍሉ ኃላፊ ጀማሪው ይባላል። ይህም የወጣለት ስም ነው። ኃላፊነቱ አዲስ ስለሆነ አይደለም። ተማሪ ሳለ ወሬ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም ነበር፤ ተብታባ ነው። ልጅነቱን በሙሉ ሌላ ሰው ሲጨርስለት ነው ያደገው። እናቱ በፍቅር ትጨርስለታለች፣ እህቱ በችኮላ፣ ባለሱቁ በግምት። ክብሪት ሊገዛ ሄዶ ክር ተሰጥቶት ተመልሷል፤ ቆሞ ከመከራከር ለክሩ መክፈል ቀለለው።

ኋላ ብልሃት ለመደ። የሚያስቸግረውን ቃል ይሸሽና በሌላ ይተካል። ከሁሉ አጥብቆ የሚሸሸው "አመሰግናለሁ" የሚለውን ነበር። ረጅም ነው፤ ዳገት አለው። "አመ" ላይ ሲደርስ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። ስለዚህ ደግ የሠራለትን ሁሉ "ይባረኩ" ይለዋል። ጢም ያላበቀለ ልጅ ሽማግሌ ሲመርቅ ማየት ለሰው ሳቅ ነበር።

ያ ልጅ አንድ ቀን የመጀመሪያ ጽሑፉን ለክፍል ጓደኞቹ ሊያቀርብ ቆመ። ገና ከመጀመሩ ተያዘ። ከፊት ወንበር አንዱ ቃል አቀበለው። ከኋላ ሌላው ሌላ አቀበለ። "እሱን ማለቱ አይደለም፣ ይሄን ነው" ተባባሉ። እሱ ቆሞ የገዛ ሐሳቡ እንደ ገበያ ዕቃ ሲሸጥ ሲለወጥ ያያል። ወረቀቱን አጣጥፎ ሊወጣ ሲል ጋሼ ማሰሪያ ጠረጴዛውን ኳ አደረጉ።

"ማሰሪያውን ለባለቤቱ ተዉለት" አሉ።

ባለቤት ሲሉ በሰዋስው የሚባለውን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይሁን ወይስ የሐሳቡን ጌታ፣ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ቃል አላቀበሉትም። "አይዞህ" አላሉትም። በሐዘኔታም አላዩትም። ዝናብ እስኪያባራ ጥግ እንደያዘ ሰው ዝም ብለው ጠበቁ። ደወል ተደወለ፤ ማንም አልተነሳም። ጀማሪው ያን ቀን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የጀመረውን ጨረሰ።

ሲወጣ በሩ ላይ "አመ..." ብሎ ቀረ። "ይባረኩ!" አለና ሮጠ።

ያቺ ቃል ዕዳ ሆና ቀረችበት። ተመረቀ፣ መምህር ሆነ፣ ኃላፊ ሆነ። መንተባተቡም ከጊዜ ብዛት ተወው። ወንበር ስቦላቸዋል፤ ቦርሳቸውን ተሸክሟል፤ ሲታመሙ አስታሟል። ቃሏን ግን አላላቸውም። ፊታቸውን ሲያይ ያ ልጅ ይሆንና ጉሮሮው ይዘጋል።

እንግዲህ ዲኑ አንድ ጠዋት ወደ ጀማሪው ቢሮ መጣ። ዲኑን ሰው "ቶሎ ቶሎ" ይለዋል፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እንዲሉ። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ጋሼ ማሰሪያ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ብርቱካን ይዞ ከማንም ቀድሞ የሄደው እሱ ነው። ከማንም ቀድሞም ተመለሰ።

የሥነ ምግባር መምህርቷ የራሷ ቢሮ ስለሚያፈስ ጀማሪው ጋ ተጠግታ ፈተና ታርም ነበር።

"ጋሼን ዛሬም አይቻቸው መጣሁ" አለ ዲኑ ሳይቀመጥ። "አንጀቴን በሉት። ራሳቸው ‘ማስተማር አልችልም’ አሉኝ። በቃ፣ በክብር እንሸኛቸው። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሠርቼዋለሁ። አበባ አለ። የስንብት ንግግራቸውን እኔ አነብላቸዋለሁ።"

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንደዚህ ብለው አሉህ? ሙሉውን?"

"ሙሉውን ማለት... ያው ሲቸግራቸው አገዝኳቸዋ።"

"ምኑን?"

"መጨረሻውን።"

"አለቃ፣ ሰማህ?" አለች ወደ ጀማሪው ዞራ። "ዲናችን ማሰሪያ ያድላል።"

"ምን አጠፋሁ? ‘ማስተማር አል...’ ካሉ በኋላ ምን ሊመጣ ነው? እጃቸው እምቢ ብሏል፣ አፋቸው እምቢ ብሏል።"

"ስትጨርስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ?"

"ነቀነቁ።"

"ወደ ታች ነው ወደ ጎን?"

ዲኑ አሰበ። "እኔ እየወጣሁ ነበር" አለ።

ጀማሪው ኮቱን አንስቶ ወጣ።

የጋሼ ማሰሪያ ቤት ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። የጥርስ ሐኪም ናት፤ አባቷ ከታመሙ ወዲህ ግማሽ ቀን ብቻ ትሠራለች።

"ግባ ወንድሜ፣ ግን ታገሥ" አለች። "ጫማ እያሰረ ነው።"

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው በግራ እጃቸው ብቻ የጫማቸውን ማሰሪያ ይታገላሉ። አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ሊይዙ ጎንበስ ይላሉ፤ አይደርስም፤ ይቃናሉ።

"ነጠላ ጫማ አድርግ አልኩት፤ እምቢ አለ" አለች ልጃቸው። "የሰው አፍ ስከፍት እየዋልኩ የአባቴን አፍ መክፈት አቃተኝ። ደግሞ በዚህ አፉ ይኮራል!"

ጋሼ ማሰሪያ በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ። ማሰሪያው በመጨረሻ ታሰረ፤ ደህና ቋጠሮ አልነበረም፤ ግን ታሰረ። ቀና አሉ።

"ጋሼ፣ ዲኑ አንድ ነገር ነገረን" አለ ጀማሪው። "የማስተማሩን ነገር ምን አሉት?"

ሽማግሌው አየር ሳቡ። "ማስ... ተማር... አል..."

እዚህ ላይ ቆሙ። ግንባራቸው ላብ አወጣ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ጀማሪው አላስቻለውም። ሳያስበው አፉ ቀደመው።

"አልተውም! አልተውም ነው ያሉት፣ አይደል ጋሼ?"

ጋሼ ማሰሪያ በደህናው እጃቸው የወንበሩን ክንድ መቱት። ራሳቸውን ወደ ጎን ነቀነቁ፤ ደጋግመው።

ጀማሪው ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ዲኑ በሐዘኔታ ዘጋባቸው፤ እሱ በተስፋ። መዝጋት ያው መዝጋት ነው። ከሰው ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረበት እሱ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እጁን አጣመረ። ጠበቀ።

ወጥ ቤት ውስጥ ውኃ ፈላ፤ ልጅቱ ለማውረድ አልተነሳችም። ክዳኑ ይንኳኳል።

"...ጨ... ረስ... ኩም" አሉ ጋሼ ማሰሪያ።

ማስተማር አልጨረስኩም።

ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሽማግሌው አንድ ጣታቸውን አንስተው አሳዩ። "አንዲት... ክፍለ... ጊዜ" አሉ። ይህኛው ቶሎ መጣ፤ ሲያስቡበት የከረሙት ነገር ነው።

ጀማሪው ሲወጣ ልጅቱ እስከ በር ሸኘችው። "እኔ ፈርቻለሁ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያ ሁሉ ሰው ፊት ቢያዝስ? ሰው ከንፈር ሲመጥለት ማየት አልችልም። እንደዚያ ከሆነ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም፤ አውቀዋለሁ። ቃል ግባልኝ። ማንም አፉ ውስጥ ገብቶ አይናገር።"

"ቃሌ ነው" አለ ጀማሪው።

ቃል መግባት ቀላል ነው። ዛሬ ጠዋት ራሱ ገብቶ ተናግሯል።

ዲኑን ማሳመን በግማሽ ብቻ ተሳካ። "ይሞክሩ" አለ። "ግን የስንብቱን እንግዶች ጠርቻለሁ። ካቃታቸው ሰው ፊት ሲንገላቱ ዝም ብዬ አላይም፤ ተነስቼ አነባለሁ። እኔም እኮ አስተማሪዬ ናቸው።"

ቀኑ ደረሰ። ነዎች በቀኝ፣ አይደለሞች በግራ ተቀመጡ። እንግዶቹ ከፊት ሆኑ። ዲኑ የታጠፈ ንግግሩን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። በመስታወት የታሰረው የምስክር ወረቀት ጨርቅ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል። ጋሼ ማሰሪያ ምርኩዝ ይዘው፣ ከልጃቸው ጋር ገቡ። ሰሌዳውን አዩ። የገዛ ጽሑፋቸው በአጥሩ ውስጥ ተቀምጧል። ቆመው ብዙ አዩት።

"እን... ደምን አደራችሁ" አሉ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ።

"ባለፈው... ሳን... ጨርስ... ቀረን።"

ሳቅ ሆነ። ጥሩ ሳቅ ነበር። ሽማግሌው ትንሽ ቀና አሉ። ቀጠሉ። ቃላቸው አንድ አንድ እያለ፣ ወንዝ በድንጋይ ድንጋይ እንደሚሻገር ሰው ሄደ። ከዚያ ዋናው ነገር ላይ ደረሱ።

"ሰው... ውለታን... ዕዳ... የሚለው... ስለሚ..."

ቆሙ።

ክፍሉ ትንፋሹን ያዘ። ቃሉ አልመጣም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ከእንግዶቹ አንዱ ተቁነጠነጠ። የሰው ከንፈር ሁሉ አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ስለሚያስጨንቀው" አለ ዲኑ በለሆሳስ፤ ለመርዳት ነው።

"ስለሚያሳፍረው ይሆናል" አለች ከጎኑ ያለች እንግዳ።

"አይ፣ ስለሚከብደው ነው" አለ ከነዎች አንዱ። "ማን ከበደው አለህ?" አለ ከአይደለሞች ሌላው።

ገበያው ተጀመረ። ጋሼ ማሰሪያ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። ደህናው እጃቸው ምርኩዙን ፈለገ። ልጃቸው ጀማሪውን አየችው። ዲኑ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ ብድግ አለ።

ጀማሪው ቀድሞት ተነሳ።

"ማ..." አለ።

የለቀቀው መንተባተብ በዚያች ሰዓት ተመልሶ መጣ። "ማ... ማ..." ተማሪዎቹ ኃላፊያቸውን እንደዚህ ሆኖ አይተውት አያውቁም። አንድ ልጅ ሊያግዘው አፉን ከፈተ፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። የሥነ ምግባር መምህርቷ የዲኑን እጅጌ ይዛ ወደ ታች ሳበችው። ክፍሉ አሁን ለሁለት ሰው ዝም አለ።

"ማ... ማሰሪያውን ለ... ለባለቤቱ ተዉለት!"

ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከጋሼ ማሰሪያ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጁን አጣመረ። በሐዘኔታ አላያቸውም። በተስፋም አላያቸውም። ዝናብ እስኪያባራ ጥግ እንደያዘ ሰው ዝም ብሎ ጠበቀ።

ደወል ተደወለ። ኮሪደሩ በሌላ ክፍል ተማሪዎች ጫጫታ ሞላ፣ ባዶ ሆነ። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ከአንዱ ዴስክ ወደ ሌላው ተሻገረች። ማንም አልተነሳም። ዲኑም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከወለሉ አነሱ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው አዩ። እጁ እንዴት እንደተጣመረ አዩ። አወቁት።

"...ስለሚ... ያ... ገና... ኘው... ነው" አሉ።

ክፍሉ ተነፈሰ።

"ዕዳ... የሌለበት ሰው... በሩን... የሚያንኳኳበት... የለም" አሉ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ጠቆሙ። "ውለታ... ዕዳ... ነው።"

ነዎች ጠረጴዛ ደበደቡ። አንዱ ሮጦ ጠመኔ አነሳና አጥሩ ውስጥ "ነው" ብሎ ጨመረ። ከአይደለሞች ያቺ "አይደለሁም" ያለችው ልጅ ተነሳች።

"ጋሼ፣ እኛ እንግዲህ ተሸነፍን ማለት ነው?"

"ክፍለ... ጊዜው... ገና... አላለቀም" አሉ ጋሼ ማሰሪያ። ደግሞ ሳቅ ሆነ።

ዲኑ የምስክር ወረቀቱን ሊሰጥ ተነሳ። የታጠፈውን ንግግር አየት አደረገና ኪሱ ከተተው። መስታወቱን አቀፈና፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ እንደ ልጅ ቆመ።

"ጋሼ፣ ያን ጠዋት ሳይጨርሱ ጥዬዎት መውጣት አልነበረብኝም" አለ። "ወረቀቱ ይቆየን። የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት መቼ ይመችዎታል?"

"ጠ..." አሉ ጋሼ ማሰሪያ።

የዲኑ አፍ ተከፈተ። ተዘጋ። ዲኑ ጠበቀ።

"ጎበዝ" አለች የሥነ ምግባር መምህርቷ።

"...ጠዋት።"

ሰው ወጣ። ልጃቸው መኪናዋን ልታቀርብ ወረደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ራሷን ነቅንቃ ጀማሪውን እሺ አለችው፤ ቃሉን ጠብቋል ማለቷ ነው። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጀማሪው የሽማግሌውን ቦርሳ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። አስቀመጠው።

"ጋሼ" አለ። "አመ..."

ያው ቦታ። ያው አጥንት። "ይባረኩ" ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች፤ የለመደች፣ ቅርብ የሆነች። ዋጣት።

"አመ... አመ..."

ጋሼ ማሰሪያ እጃቸውን ማጣመር አይችሉም። በደህናው እጃቸው የታመመውን ያዙት። በመነጽራቸው አናት አዩት። ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ዞር አላሉም።

"...ሰግናለሁ" አለ ጀማሪው። ከዚያ ቃሏን በድጋሚ አላት፤ አሁን ዳገቷ ተንዷል። "አመሰግናለሁ ጋሼ። አመሰግናለሁ።"

ሽማግሌው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። በእጅጌያቸው "ነው" የሚለውን አጠፉት። በግራ እጃቸው ጠመኔ አነሱ። ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እየተንቀጠቀጡ፣ እያጠበቁ፣ በቦታው ሌላ ማሰሪያ ጻፉ። ጀማሪው ቆሞ አነበበው።

ውለታ ዕዳ ነበር።

"ነዎች ነገ ይጮኻሉ" አለ ጀማሪው፣ ድምፁ እንደ ምንም ወጥቶለት።

"ይ... ጩኹ" አሉ ጋሼ ማሰሪያ። ጠመኔውን ሰጡትና ክንዱን ይዘው ወረዱ።